ባለርስቷ እየበላች ነው

በመልካ ሸመል ጠዋት ጠዋት ማንም ድምፁን ከፍ አያደርግም። ጦጣዎቹ ወደ መንደሩ ዳር ወርደው ለጋ የቀርከሃ ቅጠል በልተው እስኪጠግቡ ድረስ እንጨት አይፈለጥም፣ ዕቃ አይንኳኳም፣ ሕፃን ካለቀሰ እናቱ ቶሎ ብላ ጡቷን አፉ ውስጥ ትከታለች። አውራ ዶሮ ከተከለከለ ቆይቷል። ለሱብሒ ሰላት የሚቀሰቅሰን ሰው አዛን አይልም፤ በየደጁ እየዞረ በሩን በጥፍሩ ቧጨር ቧጨር ያደርጋል። መንገድ ላይ አንዱ ሊናገር አፉን ከከፈተ ሌላው የራሱን መዳፍ በራሱ አፍ ላይ ለጥፎ ያሳየዋል። «ዝም በል፣ ባለርስቷ እየበላች ነው» ማለት ነው። ልጄ ሹክሪያ «አባ» ማለት ከመቻሏ በፊት የተማረችው ይህንን ምልክት ነው። ያስተማርኳት እኔ ነኝ።

ቅድመ አያቶቻችን «መሬት ላራሹ» ብለው ጮኸው ነበር ይባላል። እኛ ዘመን ላይ ሲደርስ መሬት ለጦጣ ሆነ። እያሾፍኩ አይደለም፤ አዋጁ የሚለው እንደዚያ ነው። ጫካም ሆነ ጅረት፣ ሌላ ቦታ በማይገኝ ፍጡር ስም ይያዛል፤ ሰው ደግሞ በዚያ ፍጡር ርስት ላይ «ተጓዳኝ ነዋሪ» ተብሎ ይቀመጣል። የመንደራችን ሽማግሌ አባ ጂብሪል ግን ይህ አዲስ ስም አይዋጥላቸውም። «ጭሰኛ በሉን፣ ጭሰኛ ነን» ይላሉ።

የእኛ ባለርስት የባሌ ጦጣ ናት። ትንሽ ናት፤ ጀርባዋ ጠቆር፣ ጅራቷ አጠር ያለ፣ ጉንጯ ላይ ነጭ ጢም ያላት ዓይን አፋር ፍጡር። ከቀርከሃ ሌላ ብዙም የሚጥማት ነገር የለም። ከእኛ ተራሮች በቀር የትም ስለሌለች ርስቱን አገኘች። ቆላ ያለችው የአጎቷ ልጅ፣ ያቺ ግንባሯ ላይ ነጭ መቀነት ያሰረች የምትመስለው ባለረጅም ጅራት፣ የትም አለች። የትም ያለ ደግሞ የትም ርስት የለውም።

ከኮረብታው ወዲያ ጎረቤት መንደር ነበረን። የእነሱ ባለርስት እንቁራሪት ነበረች። አንድ ቀን ፍጡሩን ሁሉ በየዓይነቱ የሚለዩት መዳቢዎች መጡና «ይህቺ እንቁራሪት አንድ ዓይነት ሳትሆን ሁለት ዓይነት ናት» አሉ። ለሁለት ስትከፈል የእያንዳንዷ ቁጥር ርስት ለመያዝ አነሰ። ለከሰዓቱ የአስር ሰላት ውዱእ ሲያደርጉ የነበሩ ሰዎች እጃቸው ሳይደርቅ ተሽከርካሪ ላይ ተጫኑ። ኮረብታው ላይ ቆሜ አይቻለሁ። የጮኸ ሰው የለም፤ ተሽከርካሪዎቹም ድምፅ የላቸውም። አንዲት ሴት ያሰጣችው ልብስ ዛሬም እዚያው ገመድ ላይ አለ፤ ቀለሙ ጠፍቶ ነጭ ሆኗል። የት እንደወሰዷቸው ጠይቀን «ባለርስት ወደሌለበት» ነበር መልሱ። እንዲህ ያለ ቦታ የት እንዳለ የሚያውቅ ሰው እስከ ዛሬ አላገኘሁም። ምደባ የሚሉት ይህንን ነው።

የእኛ መከራ የመጣው በደግነት በኩል ነው። በመልካ ሸመል የመጀመሪያው የበቆሎ እሸት አይበላም። ጫካው አፋፍ ላይ ይቀመጣል፣ ለመጣ። ማን መጣ ተብሎ አይጠየቅም፤ ወፍም ይሁን ከርከሮ፣ መንገደኛም ይሁን። በድርቁ ዓመታት እኔ ራሴ ከቆላ ሽቅብ ስወጣ ነፍሴን ያቆየልኝ ያ እሸት ነው። ሚስቴን ሙሚናንም ያየኋት እሸቱን ልታስቀምጥ ጎንበስ ስትል ነው። እኔ በመጣሁበት መንገድ የቆላ ጦጣዎችም መጡ። ማን ያባርራቸዋል? እንግዳ ናቸው፤ በልተው ይመለሳሉ አልን። ተመለሱም። አንዱ ወንድ ግን ቀረ።

ጎረቤቴ ጠይብ በዚህ ነገር ሲስቅብኝ ከረመ። «ረሺድ፣ ያ ዘመድህ እኛ ቀርከሃ ውስጥ ሚስት አገኘ አሉ» ይለኛል። እኔም እስቅ ነበር። ቆለኛ ነኝ፤ ቀልድ መቻል አለብኝ።

አንድ ቀን ከሰዓት ሹክሪያ ከጅረቱ እየሮጠች መጣች። መናገር በሚፈቀድበት ሰዓት እንኳ በሹክሹክታ ነበር የነገረችኝ።

«አባ፣ አንዷ ጦጣ ወልዳለች። ሕፃኗ ግን ግንባሯ ላይ መቀነት አላት።»

ክው አልኩ። ሄጄ አየሁ። እናቲቱ የባሌ ጦጣ ናት፤ ጢሟም ጀርባዋም። ሆዷ ላይ የተለጠፈችው ግን ጅራቷ ረጅም፣ ግንባሯ ላይ ነጭ መስመር አለ፣ ልክ በኖራ እንደተሰመረ። ከዝናቡ በኋላ ምደባ እንዳለ ተነግሮን ነበር። መዳቢዎቹ ይህቺን ካዩ «ባለርስታችሁ ተደባልቃለች፣ የድሮዋ ጦጣ የለችም» ይላሉ። የድሮዋ ከሌለች ርስት የለም። ርስት ከሌለ እኛ የለንም። ይህን ሁሉ እዚያው ቀርከሃ ሥር ቆሜ አሰብኩት።

ብዙም ሳይቆይ እናቲቱን ንስር ወሰዳት። ሕፃኗ ከቅርንጫፍ ወድቃ ቀርከሃው ሥር ስትጮህ ዋለች። ከመንጋው መጥታ ያነሳቻት አልነበረም።

መንደሩ መስጊዱ ግቢ ተሰበሰበ።

«ጭብጥ የማትሞላ ጦጣ ናት» አለ ጠይብ። «አንገቷን ጠምዘዝ ማድረግ ነው። ለእሷ ስንል ልንጫን ነው እንዴ?»

አባ ጂብሪል ከዘራቸውን መሬት ላይ አሳርፈው አዩት። «ባለርስትህን ገድለህ በርስቷ ላይ ልትሰግድ?»

«ኧረ ባለርስት አይደለችም! ድቅል ናት!»

«ግማሿስ?»

 ብንገድላትም ጫካው ዓይን አለው፤ ዛፍ ላይ የተተከለው ሁሉ ቅጠል እንዳልሆነ እናውቃለን። ወደ ቆላ ወስደን እንዳንጥላት ዝናቡ መንገዱን ዘግቶታል። ባለችበት እንዳንተዋት መዳቢዎቹ ያገኟታል። ሴቶቹ ጥግ ላይ ሆነው ያለቅሳሉ፤ የጠይብ ሚስት ልብስ ማስጣት ካቆመች ሳምንት እንዳለፋት ሰው ሁሉ ያውቃል።

በመጨረሻ አባ ጂብሪል ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«እስቲ ልጠይቃችሁ። እናቱ የሞተችበት የዱር ግልገል፣ ስም ከወጣለት፣ በልጅ ጀርባ ከታዘለ፣ የቤት ወተት ከጠጣ የማን ነው?»

«የቤቱ!» አልን ሁላችንም በአንድ አፍ። ይህን የማያውቅ የለም። ከአባቶቻችን የወረስነው ሥርዓት ነው። ድኩላ ያደገበት ቤት አለ፤ አባ ጂብሪልም ልጅ ሳሉ ከርከሮ አዝለዋል ይባላል።

«መዳቢ የሚቆጥረው የጫካውን ነው። ያንተን ላም ቆጥሮብህ ያውቃል? ያንቺንስ ዶሮ?» ወደ ሴቶቹ ዞሩ። «እንግዲህ ይህቺን የሙት ልጅ የቤት እናደርጋታለን። የቤት ከሆነች ጫካው ንጹሕ ነው።»

መስጊዱ ግቢ ውስጥ ትንፋሽ ሲለቀቅ ተሰማኝ። የእኔም ትንፋሽ አለበት። እንዲህ ያለ ብልህ ሽማግሌ ስለሰጠን አላህን አመሰገንኩ።

«ማን ያዝላታል?» አለች አንዷ።

ዓይኑ ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። የተጓዳኝ ነዋሪ ቁጥር ገደብ አለው፤ በመንደራችን እንደ ድሮ ልጅ አይወለድም። ያሉትም ወይ ጡት ያልጣሉ ናቸው፣ ወይ ጢም ያበቀሉ። ለማዘል የሚበቃ የልጅ ትከሻ ያላት ሹክሪያ ብቻ ነበረች።

«እሺ» አልኩ።

«አንድ ነገር» አሉ አባ ጂብሪል። «ከልጅቷ በቀር ማንም እንዳይነካት። እጅ የበዛበት ግልገል የማንም ሳይሆን ይቀራል። አባቶቻችንም የሚያደርጉት እንደዚህ ነው።»

ቤት ስደርስ ወሬው ቀድሞኝ ሙሚና ዘንድ ደርሶ ነበር። በሩ ላይ ቆማ ጠበቀችኝ።

«ለምን እሺ አልክ?»

«ምን ልበል? እምቢ ብል ከቆላ የመጣው ሰውዬ መንደሩን አስነቀለው ይሉኛል።»

«ይበሉሃ! የልጄ ጀርባ መሬት ነው እንዴ ባለርስት የሚሰፍርበት?»

«ሙሚና፣ ያንን ገመድ ላይ የቀረ ልብስ አይተሽዋል።»

አይታዋለች። እንባዋን በሻሿ ጫፍ ጠረገችና ከጓዳ አንቀልባውን አወጣች፤ ሹክሪያን ራሷን ያዘለችበትን፣ ዳር ዳሩ ዛጎል የተሰፋበትን። አስተካክላ በልጅቷ ትከሻ ላይ አሰረችው። ጦጣዋን ግን በጣቷ ጫፍ እንኳ አልነካቻትም። ሥርዓቱን አክብራ ይሁን ተጸይፋት፣ ወይም ፈርታት፣ እኔ አልጠየቅኋትም። እኔም አልነካኋት።

ሹክሪያ ሪዝቃ ብላ ስም አወጣችላት። ወተቱን በጨርቅ ጫፍ እየነከረች ታጠባታለች። ጦጣዋ ጅራቷን በልጅቷ አንገት ላይ ጠምጥማ ትተኛለች፤ ከተለየቻት በጩኸት መንደሩን ታነቃለች፣ ጩኸት ደግሞ አንችልም። ስለዚህ አልተለያዩም። ሙሚና ለሁለቱ ለብቻ ሳህን አወጣች፤ የጦጣ እጅ የገባበትን ከእኛ ጋር ማን ይበላል? መኝታቸውንም ጓዳ አደረገችላቸው። ማታ ማታ እኔና እሷ ገበታው ላይ ፊት ለፊት ተቀምጠን እንበላለን፤ ሦስተኛው ቦታ ባዶ ነው። ከጓዳ የሚሰማው ማኘክ የአንድ ይሁን የሁለት አይለይም ነበር።

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሹክሪያ ትስቅ ነበር። በኋላ ሳቋ ቀነሰ። ሪዝቃ ለጋ ቀርከሃ የምትበላው ልጅቷ አኝካ ስትሰጣት ነው፤ ማኘኩ ቀስ በቀስ መብላት ሆነ። እንጀራውን ትታ የቀርከሃ ቡቃያ ትልጥ ጀመር። ጠርተናት ዞር የምትለው ዘግይታ ነው፣ ያውም ፊቷን ሳይሆን ጆሮዋን ብቻ ወደ እኛ ዘንበል አድርጋ። ልጅ ነው፣ ጨዋታ ነው እያልኩ ራሴን አጽናናሁ።

አንድ ቀን ከሰዓት ግቢያችን ውስጥ ተቀምጠናል። ሙሚና በቆሎ ትፈለፍላለች። የንስር ጥላ መሬቱ ላይ አለፈ። ሹክሪያ አንድ ነገር ብላ ጮኸችና ጎተራው ሥር ተወርውራ ገባች። ከእሷ ኋላ፣ አዎ ከእሷ ኋላ፣ ሪዝቃ ጮኸች።

በቆሎው ከሙሚና እጅ ወደቀ።

«አየህ?»

«ምኑን?»

«ልጅቷ ናት የቀደመቻት።»

አይቼ ነበር። «አላየሁም» አልኩ። ያን ምሽት አባ ጂብሪል ዘንድ ሄጄ ይብቃን፣ ሌላ ዘዴ እንፈልግ ልላቸው ተነሳሁና ደጃፌ ላይ ስደርስ ወኔ ከዳኝ። መዳቢዎቹ ሊመጡ ጥቂት ቀን ነበር የቀረው። ከመጡ በኋላ አንቀልባውን አቃጥለዋለሁ ብዬ ለራሴ ማልኩ።

መዳቢዋ ወይዘሪት ሐመልማል የምትባል ወጣት ናት። ብቻዋን መጣች። ሰውን ሁሉ በትሕትና ሰላም አለች፤ አባ ጂብሪልን «አባባ» እያለች ጉልበታቸውን ለመሳም ዝቅ አለች። ከሻንጣዋ መለያውን አወጣችው፤ ቅል የሚያህል፣ የሚንሳፈፍ ነገር ነው። አየሩን አሸተተና ወደ ቀርከሃው ገባ። እኛ መስጊዱ ግቢ ተደርድረን ተቀምጠን ጠበቅን። የማንም ከንፈር ዝም አላለም፣ ሁሉም ዱዓ ላይ ነው።  ሹክሪያን ቤት ትተናታል፤ ከጓዳ እንዳትወጣ ተነግሯታል።

የዙህር ሰላት ሰዓት አልፎ መለያው ተመለሰ። ወይዘሪት ሐመልማል አየችውና ፈገግ አለች።

«እንኳን ደስ አላችሁ። መንጋው አንድ ነው፣ የባሌ ጦጣ ነው። ርስቱ ጸንቷል።»

እልልታ በየትኛውም ሰዓት ክልክል ስለሆነ ሴቶቹ ሻሻቸውን አፋቸው ውስጥ አጭቀው አለቀሱ። ጠይብ አንገቴን አቅፎ «የቆላው ወንድሜ፣ ልጅህ አዳነችን» አለኝ፤ እንባው አንገቴ ላይ ይፈስሳል። እኔም አለቀስኩ። የምፈራው ነገር ሁሉ አልፎ ነበር።

መለያው ግን ወደ ሻንጣው አልተመለሰም።

በመንገዱ ላይ ሰው ትከሻ ከፍታ ላይ ተንሳፍፎ እያሸተተ ሄደ። የአባ ጂብሪልን ቤት አለፈ፣ የጠይብን አለፈ። እኛ በር ላይ ቆመ።

«እዚህ ቤት ማን አለ?» አለች ወይዘሪት ሐመልማል።

«ልጄ ናት» አልኩ። 

«ሌላስ?»

አባ ጂብሪል በከዘራቸው መሬቱን እየመቱ ወደ ፊት መጡ። ፊታቸው ላይ ፍርሃት አልነበረም፤ ሥርዓቱን ያውቃሉ። ስለ ሙት ግልገል፣ ስለ ስም፣ ስለ አንቀልባ፣ ስለ ቤት ወተት አንድም ሳያስቀሩ አስረዷት። «ስለዚህ ልጄ፣ እንስሳዋ የቤት ናት። የጫካ አይደለችም» ብለው ጨረሱ።

እስከ መጨረሻው ሰማቻቸው። «ቆንጆ ባህል ነው» አለች። ከልቧ ይመስለኛል። ከዚያ በሩን ከፈተችው።

ሹክሪያ ጓዳው ጥግ ላይ ኩርምት ብላለች። ሪዝቃ ከአንቀልባው ውስጥ አንገቷን አወጣች። መለያው ሁለቱን ዞራቸው፤ ጸጉራቸውን አሸተተ፣ የተኙበትን ምንጣፍ፣ ሳህኑን። ከውስጡ ለስለስ ያለ የሴት ድምፅ ወጣ።

«አዲስ መንጋ። አባላት፣ ሁለት።»

የወይዘሪት ሐመልማል ፊት ተለዋወጠ። እሷም እንደደነገጠች አየሁ፤ እሱ ነው ይበልጥ ያስፈራኝ።

«ምን ማለት ነው?» አልኳት። «ጦጣዋ ድቅል ናት፣ አዎ፣ ደሟ የተደባለቀ ነው፤ ወስደሽ የምታደርጊያትን አድርጊያት። ልጄ...»

«ደም መቁጠር ካቆምን ቆየን» አለች ቀስ ብላ። «ደም እየቆጠርን ስንት መንጋ አጠፋን። አሁን የሚታየው ማን ከማን ጋር እንደሚበላና ከማን ጋር እንደሚያድር ነው። ከመንጋው ጋር የሚያድር ሁሉ መንጋው ነው።»

ጠይብ ከኋላዬ «እና... ቀርከሃው ውስጥ ብንተዋት ኖሮ?» አለ።

«ከመንጋው አንዷ ካነሳቻት ከእነሱ ጋር ትቆጠር ነበር። ባታነሳትም ትሞት ነበር፤ እናንተን የሚነካ ነገር አልነበረም።»

አባ ጂብሪል ከዘራቸውን በሁለት እጃቸው ያዙ። 

«ልጄ ሰው ናት!» አለች ሙሚና። እልፍኙን የሚያናጋ ጩኸት ነበር፤ በዚያ መንደር ከትልቅ ሰው አፍ ከስንት ዓመት በኋላ የተሰማ።

«አውቃለሁ እናቴ። ሰው አይደለችም ያለ የለም። መንጋዋ ግን ይህ ነው ተባለ። ሌላ ቦታ የሌለ መንጋ ደግሞ ርስት አለው፤ ይህ ቤትና ዙሪያው የእነሱ ነው። የመንጋው ያልሆነ እንዲገባ አይፈቀድም።»

«እኛስ? እኛ እናትና አባቷ አብረናት ነው የምናድረው! በአንድ ጣሪያ ሥር!»

ወይዘሪት ሐመልማል ተስፋ እንዳደረገች አየሁ። መለያውን ወደ እኛ አዞረችው። የሙሚናን እጅ አሸተተ፣ የእኔን አሸተተ። ምድጃውን፣ ገበታውን፣ እኔና እሷ የምንቀመጥበትን ቁርበት ዞረ። እጄን ወደፊት ዘርግቼ ያዝ፣ ደግመህ አሽትት እለው ነበር፣ እንደ ሰው።

«በአንድ ጣሪያ ሥር ናቸው» አለ ድምፁ። «በአንድ ማዕድ አይደሉም።»

ሙሚና መሬት ላይ ቁጭ ብላ ያንን የብቻ ሳህን ታየው ነበር። እኔ ወደ ሹክሪያ ተወርውሬ የአንቀልባውን ጠፍር ያዝኩ። ሪዝቃ ጮኸች። ሹክሪያም ጮኸች፤ ሁለቱ ጩኸት አንድ ነበር። ልጄ እጄን ነከሰችኝ። ሰው ስለሆነች ነው የነከሰችኝ፣ ፈርታ ነው፣ የእኔን ፊት አይታ ነው እያልኩ እስከ ዛሬ ለራሴ አስረዳለሁ።

«አባት፣ እባክዎ» አለች ወይዘሪት ሐመልማል። «ከዚህ በኋላ ባለርስት መንካት ይሆንብዎታል። መንደሩንም ያስጠይቃል።»

ደጃፉ ላይ መንደሩ በሙሉ ቆሞ ነበር። ጠይብ፣ ሚስቱ፣ ጡት ያልጣሉት ልጆች።  ምን እንደሚያስቡ አውቃለሁ፤ እኔም በእነሱ ቦታ ብሆን እንደዚያው አስብ ነበር። ጠፍሩን ለቀቅኩት።

የአዲሱ ርስት መስመር ሳይመሽ ተዘረጋ። አይታይም፤ ሲጠጉት ግን ጥርስ ውስጥ ይሰማል፣ ከዚያ ጉልበት ይከዳል። ከጅረቱ ጀምሮ ቤታችንን፣ ጎተራውን፣ የቀርከሃውንም አንድ ጥግ ይዞ ዞሯል። ምግብና ውኃ በየቀኑ ከሰማይ ይወርድላቸዋል፤ ሲታመሙም የሚያክም ነገር ይገባል ተብለናል። ወይዘሪት ሐመልማል ልትሄድ ስትል ቀጣዩ ምደባ መቼ እንደሆነ ጠየቅኋት። አታውቅም። «ግን ምደባ ይለወጣል አባት፣ ሁልጊዜ ይለወጣል» አለችኝና ዓይኔን ሳታይ ተሽከርካሪዋ ውስጥ ገባች።

ሙሚና አባ ጂብሪልን አንድ ጊዜ ብቻ አናገረቻቸው። «የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል» አለቻቸው። አንገታቸውን ደፉ። ሰላት ላይ ከእኔ ጎን መቆም ትተዋል።

እኛ መስመሩ ዳር ጎጆ ቀልሰናል። መንደሩ ደህና ነው፤ ማንም አልተጫነም። የጠይብ ሚስት ልብሷን እንደገና ማስጣት ጀምራለች። ጠዋት እሳት አናነድም። እኔና ሙሚና እንጀራ ትተናል። የቀርከሃ ቡቃያ ልጠን እንበላለን፤ መጀመሪያ ሆዳችን እምቢ ብሎ ነበር፣ አሁን ለመደ። ውኃ የምንቀዳው በእሷ በኩል አልፎ ወደ እኛ ከሚፈሰው ጅረት ነው። ሳህናችንን መስመሩ ጥርሳችን ውስጥ እስኪሰማን ድረስ አስጠግተን እናስቀምጠዋለን፣ ከወዲያ እሷ ቀርባ ብትበላ አንድ ማዕድ ይባላል ብለን። መለያው በሚመጣበት ቀን ጸጉራችን እንደ እሷ እንዲሸት ሌላ ዘዴ አናውቅም። ሌሊት ሙሚና እጄን ትይዝና «ይበቃል?» ትለኛለች። «ይበቃል» እላታለሁ። እንደማይበቃ ፈርቼ እስኪነጋ ዓይኔ አይከደንም።

ዘንድሮ እሸቱ የደረሰው ትናንት ነው። የመጀመሪያውን ይዤ እንደ ልማዳችን ጫካው አፋፍ ልወስደው ነበር፤ እግሬ ግን ወደ መስመሩ ወሰደኝ። አስቀመጥኩትና ወደ ኋላ ብዬ ቆምኩ። ገና ጠዋት ነው፣ ጭጋጉ አልተገፈፈም። ከቀርከሃው ውስጥ ወጣች። ቁመቷ ጨምሯል፤ አንቀልባው ላላ ብሎ ሪዝቃ ትከሻዋ ላይ ናት። ግራና ቀኙን አየች፣ ከዚያ ሰማዩን። እጇን በመስመሩ አሳልፋ እሸቱን አነሳች። መስመሩ እሷን አያውካትም።

ላጠችው። የመጀመሪያውን ፍሬ ለሪዝቃ ሰጠቻት፣ ሁለተኛውን ራሷ በላች። ጎኗን ሰጥታኝ ነበር የቆመችው። በጣም ቅርብ ስለነበረች እናቷ የሠራችላት ሹሩባ ከጆሮዋ ኋላ ገና ሳይፈታ መቅረቱ ታየኝ። አልቻልኩም።

«ሹክሪያ» አልኳት።

ማኘኳን አቆመች። ዞር ብላ አየችኝ፤ አወቀችኝ፣ በዚህ አልጠራጠርም። ከዚያ መዳፏን ቀስ ብላ አንስታ አፏ ላይ ለጠፈችው።

ዝም አልኩ።